«ነቀርሳ» ብዬ ተረጎምኩ

የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንዲት ቃል ተሳስቼ ተርጉሜ ነበር። አሁን ሃያ ዓመቴ ነው፣ ነርሲንግ እማራለሁ፤ ያቺ ቃል ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣችም።

የእናቴን የቅርብ ጓደኛ፣ እኔ እትዬ የምላቸውን ሴት፣ ሐኪም ቤት ይዤ ሄጄ ነበር። እትዬ ለዓመታት «ይሄ ጨጓራዬ» ሲሉ ኖረዋል። ተልባ ጠጡ፣ በርበሬ ተዉ፣ ጠበል ተጠመቁ። ሲከሱም «ጾም አብዝተው ነው» ተባለ። እኛ ዘንድ ከደረት በታች የሚያም ነገር ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው። በመጨረሻ አንጀታቸው በካሜራ ሲታይ ክሮንስ የሚባል በሽታ ተገኘ። የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀትን እያቆሰለ የሚኖርበት፣ የሚረግብ እንጂ ጨርሶ የማይድን ሕመም ነው። ሐኪሙ ኢንፍሊክሲማብ የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አዘዘላቸው።

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ነርሷ መጠይቅ ይዛ መጣች። «ቲቢ ይዟቸው ያውቃል? ቲቢ ካለበት ሰው ጋር ኖረዋል?» እኔም ወደ እትዬ ዞሬ፣ «ነቀርሳ ይዞዎት ያውቃል? ቤት ውስጥስ ነቀርሳ ያለበት ሰው ነበር?» አልኳቸው።

«በስመ አብ! ምን ነቀርሳ አመጣሽ? እግዜር ይጠብቀን!» አሉ።

«ኖ» ብዬ መለስኩ። ነርሷም ጻፈች።

ለእኔ ነቀርሳ ማለት አባቴ ሲናገር የሰማሁት የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ ነው። ለእትዬ ግን ካንሰር ነው። እትዬ በልጅነታቸው ጎንደር ውስጥ ከአያታቸው ጋር አንድ መደብ ላይ ይተኙ ነበር፤ አያታቸው የሞቱት በቲቢ ነው። በትክክል ብጠይቃቸው ኖሮ ያኔውኑ ይነግሩኝ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እትዬ ግን ምንም አልደበቁም። የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ሳላውቅ።

ጥያቄው ለምን ይህን ያህል ያስፈራል? ኢንፍሊክሲማብ ቲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ያግዳል። አንጀትን ከሚያቃጥሉት ነገሮች አንዱ ይህ ፕሮቲን ነው። ነገር ግን ሌላ ሥራም አለው፤ ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ያንቀላፋ የቲቢ ጀርም ካለ ዙሪያውን አጥሮ ለመያዝ ያግዛል። አጥሩ ሲላላ ጀርሙ ሊነቃ ይችላል። ስለዚህ ነው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ የሚደረገው። እትዬን ያተረፋቸው የደም ምርመራው ነው። መጀመሪያ የቲቢውን መድኃኒት ጀመሩ፣ ኢንፉዥኑ ዘገየ፣ አሁን ደህና ናቸው። ሆኖም ምርመራው ሁልጊዜ አይዝም፤ በተለይ እንደ ፕሬድኒሶን ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ሊስት ይችላል። ያኔ የሚቀረው የበሽተኛው ታሪክ ብቻ ነው። ታሪኩ ደግሞ በአስተርጓሚው አፍ ያልፋል።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር፦ እኛ ልጆች የወላጆቻችን የሐኪም ቤት አስተርጓሚ መሆን ማቆም አለብን። አማርኛ ስለምናውቅ የሕክምና አማርኛ እናውቃለን ማለት አይደለም። እናትም ስለ ተቅማጥና ስለ ደም በልጇ አፍ ማውራት ታፍራለች፤ ግማሹን ትተዋለች። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ደግሞ ከድንገተኛ አደጋ በቀር እንዲያስተረጉም አይፈቀድም። እኔ ያን ቀን የተቀመጥኩበት ወንበር የእኔ አልነበረም።

«አስተርጓሚው ሐበሻ ነው፤ ነገ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል» የሚሉ እናቶች አሉ። ስጋታቸውን አልንቀውም፤ ከተማችን ጠባብ ናት። ነገር ግን የሆስፒታል አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ከፈለጉም በስልክ፣ ከሌላ ስቴት የሚያስተረጉም ሰው መጠየቅ ይቻላል። ስም ሳይነገርም ይሠራል።

ታዲያ እኛ ምን እንሥራ? ሥራ ሞልቷል። ትልልቆቹ ኢንፉዥኑን «ግሉኮስ» ይሉታል፤ ለጉልበት የሚሰጥ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሲሻላቸው ይተዉታል። ኢንፍሊክሲማብ ግን ከመጀመሪያው ቀን በኋላ በ2ኛውና በ6ኛው ሳምንት፣ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ በየ8 ሳምንቱ ይሰጣል። እያቋረጡ የሚወስዱት ከሆነ ሰውነት መድኃኒቱን መቃወም ይማራል፤ ያኔ ወይ መሥራት ያቆማል ወይ ሲሰጥ አለርጂ ያስነሳል። ቀጠሮውን ስልካቸው ላይ መሙላት፣ ሁለት ሰዓቱን አብሮ መቀመጥ፣ ትኩሳት ወይም ሳል ካለ ከመጀመሩ በፊት ለነርሷ እንዲነገር ማስታወስ የእኛ ድርሻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት እንሄዳለን። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ቫይረስ ያለበት ስለሆነ ኢንፍሊክሲማብ ላይ ያለ ሰው በአጠቃላይ እንዲወስደው አይመከርም። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

እትዬን ይህን ለመጻፍ አስፈቅጃቸዋለሁ። «ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ተይው» አሉኝ። አሁንም በየ8 ሳምንቱ አብሬያቸው እሄዳለሁ። አስተርጓሚዋ በስክሪን ትመጣለች። እኔ ቡና በፔርሙስ ይዤ ጎናቸው እቀመጣለሁ።