ዕዳ፣ የገቢ መቋረጥና ራስን የማጥፋት ስጋት

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከእነዚህም መካከል 73 በመቶ ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ራስን ማጥፋት ሦስተኛው የሞት መንስኤ ነው። በአገራችን ቤተሰብ ስለ ስሙና ስለ ቀብር ሥርዓቱ በመስጋት የሞቱን ምክንያት መሸሸጉ የተለመደ በመሆኑ፣ የሚመዘገበው ቁጥር ከእውነተኛው እንደሚያንስ መገመት አያዳግትም።

ጉዳዩ በብዙዎች ዘንድ የሚታየው እንደ ግለሰብ ድክመት ወይም እንደ አእምሮ ሕመም ብቻ ነው። የድብርት ሕመምና የአልኮል ሱስ ከፍተኛ ድርሻ እንዳላቸው አይካድም፤ ሕክምናም ያሻቸዋል። ነገር ግን ሰብሉ የጠፋበት አርሶ አደር፣ ከሥራ የተሰናበተ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የአራጣ ዕዳ የተቆለለበት ነጋዴ፣ ቤተሰቧ ተበድሮ ልኳት ባዶ እጇን ከዐረብ አገር የተመለሰች ወጣት የሚሸከሙት ጭንቀት መነሻው ከሕክምና ክፍል ውጭ ነው። በችግር ውስጥ ከሚኖረው ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ራሱን አያጠፋም። ስጋቱ የሚያይለው ድንገተኛ ኪሳራ ከሐፍረትና ከብቸኝነት ጋር ሲደራረብ ነው።

ገቢ በዚህ ረገድ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ በግልጽ ካሳዩት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው ከኢንዶኔዥያ ነው። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 ለድሃ ቤተሰቦች የገንዘብ ድጋፍ መስጠት ጀመረ፤ ተጠቃሚዎችም ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት እንዲልኩና የጤና ክትትል እንዲያደርጉ ይጠበቅባቸው ነበር። የመርሐ ግብሩ ዓላማ ራስን ማጥፋትን መከላከል አልነበረም፤ የድጋፉ መጠንም ቤተሰብን የሚያበለጽግ አልነበረም። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎች ድጋፉ የደረሳቸውን አካባቢዎች ካልደረሳቸው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ራስን የማጥፋት መጠን በ18 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት። የዝናብ ሁኔታ ተዛብቶ ምርት ሲቀንስ ቁጥሩ ይጨምር እንደነበር፣ ድጋፉ በደረሰበት ግን ይኸው ጉዳት እንደለዘበ ጥናቱ አመልክቷል። በ26 የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የተደረገ ሌላ ጥናትም የሥራ አጥነት መጨመር ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በታች በሆኑ ሰዎች ላይ ራስን ማጥፋትን እንደሚያባብስ፣ ሥራ ፈላጊን ለማሠልጠንና ከሥራ ጋር ለማገናኘት የበለጠ ወጪ በተደረገበት ቦታ ግን ጫናው እንደሚቀንስ አሳይቷል።

በአገራችን በ1997 ዓ.ም የተጀመረውና ኋላም ወደ ከተሞች የተስፋፋው የሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ እንዲሁም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ብዙ ጊዜ የሚነገርላቸው ከምግብ ዋስትናና ከሕክምና ወጪ አንጻር ነው። ከላይ የተጠቀሰው ልምድ እንደሚያስገነዝበው ተስፋ የመቁረጥን አደጋም ሊያለዝቡ ይችላሉ። በመሆኑም ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» እየተባለ ሲንከራተት የሚደርሰው ጉዳት ከጊዜ ብክነት የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ከመስኮት ወዲያ ያለው አገልጋይ ሁሉ ሊያስበው ይገባል። ዕድሮቻችንም ለሞት የሚደርሱትን ያህል ለኪሳራ አይደርሱም። ከልቅሶ አልፈው ለታመመና ለተቸገረ አባል መድረስ የጀመሩ ዕድሮች መኖራቸው ግን የሚበረታታ ነው።

ገቢያቸው የተቋረጠ ወይም ዕዳ የከበዳቸው ተገልጋዮች ችግሩ ሳይደራረብ ወደሚኖሩበት ቀበሌ ወይም ወረዳ ቀርበው ስለ ሴፍቲኔት፣ ስለ ጤና መድንና ስለ ሥራ ፈላጊነት ምዝገባ ቢጠይቁ ይመከራል። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መራቅና የተስፋ መቁረጥ ስሜት ለሳምንታት ከዘለቀ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን ማማከር ወይም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ቤተሰብና ጎረቤት «ሸክም ሆንኩባችሁ»፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚሉ ቃላትን እንደ ቀልድ ወይም እንደ ማስፈራሪያ ሊያልፏቸው አይገባም። ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በእርጋታና በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው አእምሮ ውስጥ አይተክልም፤ ይልቁንም የሚናገርበትን በር ይከፍትለታል። አደጋው የቀረበ መስሎ ከታየ ግለሰቡን ብቻውን አለመተው፣ ሊጎዱት የሚችሉ ነገሮችን ከአጠገቡ ማራቅና ወዲያውኑ በቅርብ ወደሚገኝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ማድረስ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ቤተሰቦች ሕግ ይጠይቀናል በሚል ፍርሃት፣ ሙከራ አድርጎ የተረፈን ሰው ከሕክምና ያስቀሩታል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የሚያነሳሳውን ወይም የሚረዳውን ነው። ሞክሮ የተረፈው ሰው በዚህ አንቀጽ ተጠያቂ አይሆንም፤ ወደ ሕክምና ሲደርስም እንደማንኛውም ሕመምተኛ ሊስተናገድ ይገባዋል።