ሊትር እቁብ አይገባም

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መርካቶ ውስጥ ከሰባተኛ ወደ አውቶቡስ ተራ የሚወስደውን መንገድ ቆሞ ላስተዋለ ሰው፣ አረንጓዴ ሰሌዳ የለጠፉ ኮድ 3 መኪኖች ከዓይን አይጠፉም። የአስመጪው፣ የአከፋፋዩ፣ የባንክ ቅርንጫፉና የመድን ድርጅቱ መኪኖች ናቸው። መሪውን የጨበጠው ግን ብዙ ጊዜ በሾፌርነት የተቀጠረ ሰው አይደለም። የሽያጭ ሠራተኛ፣ ሒሳብ ሰብሳቢ ወይም የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው። መኪናው የተሰጠው ከደመወዙ ጋር ነው፤ አንዳንዴም በደመወዙ ፈንታ።

ይህ በደመወዝ ፈንታ የሚሰጥ መኪና ከታዘብኩት ነገር ሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ብዙ ጎበዝ ወጣቶች በእሱ ምክንያት ሳያሰሉ ሲፈርሙ አይቻለሁና።

የድርድሩ አካሄድ የታወቀ ነው። ወጣቱ ልምዱንና የትምህርት ማስረጃውን ይዞ ሱቅ ላይ ወዳለችው ጠባብ ቢሮ ይወጣል። 40 ሺህ ብር ይጠይቃል። ባለቤቱ 25 ሺህ ይላሉ። መሃል ላይ ያለውን ልዩነት መኪናው ያስታርቀዋል። «ልጄ፣ መኪናውን ከነነዳጁ ይዘህ እየነዳህ ምን ጎደለብህ?» ይሉታል። ወጣቱም የሰፈሩን ሰው፣ የእናቱን ደስታና የጠዋቱን የታክሲ ሰልፍ አስቦ «እሺ ጋሼ» ብሎ ይፈርማል። ያን ዕለት ማንም ካልኩሌተር አላወጣም። መርካቶ ውስጥ ለአንድ ጥቅል ጨርቅ እንኳን ካልኩሌተር ሳይወጣ ዋጋ አይቆረጥም፤ የሰው የዓመታት ጉልበት ዋጋ ግን በግምት ይቆረጣል።

እስቲ እኛ እናስላው። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት፣ ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው ከ15 በመቶ ጀምሮ እየጨመረ ይሄድና ከ14,000 ብር በላይ በሆነው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። 25,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ 6,700 ብር ግብር ይከፍላል፤ ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 1,750 ብር ይቆረጥበታል፤ እጁ የሚገባው 16,550 ብር ነው። ደመወዙ 40,000 ብር ቢሆን ግብሩ 11,950፣ የጡረታ መዋጮው 2,800 ብር ሆኖ የተጣራው 25,250 ብር ይሆናል። በወረቀት ላይ 15,000 ብር የነበረው ልዩነት ኪስ ሲገባ 8,700 ብር ብቻ ነው ማለት ነው።

አሠሪው በበኩሉ በዚያ 15,000 ብር ላይ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ስለሚጨምር ወጪው 16,650 ብር ይሆንበታል። እሱ 16,650 ብር አውጥቶ ሠራተኛው የሚያየው 8,700 ብር ከሆነ፣ ሁለቱም ወደ መኪናው ማዘንበላቸው አይገርምም። ባለሀብቱ መኪናውን በድርጅቱ ስም ገዝቶ ንብረቱን ከእጁ ሳያወጣ ሠራተኛ ያገኛል። ሠራተኛው ደግሞ በ8,700 ብር ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ያገኛል።

የማይችለው መሆኑ እውነት ነውና ሚዛኑን አላዛባም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የመኪና ዋጋ በደመወዝ ከሚኖር ሰው ዓቅም ይበልጥ ራቀ። ነዳጁን ብቻ እንውሰድ። ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በወር 150 ሊትር የሚሰጠው ሰው፣ ከ7,200 ብር ያነሰ ያወጣ የነበረ ነዳጅ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከ15,200 ብር በላይ ሲያወጣ አየ ማለት ነው። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ደመወዙ በእጥፍ ያደገለት ተቀጣሪ ስንት ነው? ሠራተኛው በብር ከሚነገረው አበል ይልቅ በሊትር የሚነገረውን የሚመርጠው ለዚህ ነው። ብሩ ባለበት ሲቆም ሊትሩ ከዋጋው ጋር ይጓዛል። ይህ ከኑሮ የተማረው ብልሃት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

እንግዲህ ዛሬን ብቻ ካየን መኪናው ያዋጣል። ችግሩ ሰው የሚኖረው ለዛሬ ብቻ አለመሆኑ ነው።

በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ጡረታ የሚሰላው ከደመወዝ ነው። መኪና፣ ነዳጅና ልዩ ልዩ አበል እዚያ ውስጥ አይገቡም። የ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ያስገኛል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው እንግዲህ የመጨረሻ ዓመታት አማካይ ደመወዙን 55 በመቶ ያገኛል። አማካዩ 25,000 ብር ከሆነ ጡረታው 13,750 ብር ነው፤ 40,000 ብር ከሆነ 22,000 ብር። በየወሩ 8,250 ብር፣ ለዕድሜ ልክ። መኪናውን በመሰናበቻው ዕለት አስረክቦ የወጣ ሰው ይህን ልዩነት ከማን ይጠይቃል?

ጡረታ ሩቅ ነው የሚል ቢኖር፣ ቅነሳ ቅርብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሠራተኛ ቅነሳ ለሚሰናበት ሰው የሥራ ስንብት ክፍያ ያዛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በቅነሳ ሲሆን ደግሞ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ። ለ10 ዓመት ሠራተኛ የ180 ቀን ደመወዝ መሆኑ ነው። በ25,000 ብር ሲሰላ 150,000 ብር፣ በ40,000 ብር ሲሰላ 240,000 ብር። ይኸው አዋጅ የትራንስፖርት አበልን፣ ቦነስንና ኮሚሽንን ከደመወዝ እንደማይቆጥራቸው በግልጽ ጽፏል። ሠራተኛው እንግዲህ በሥራ ላይ እያለ «ደመወዜ ከነመኪናዬ ነው» ሲል ይኖርና፣ በሚሰናበትበት ቀን መኪናው ከሒሳቡ ወጥቶ ይጠብቀዋል።

የርክክቡን ቀን አይቻለሁ። የንብረት ክፍሉ ሰው ወረቀት ይዞ መኪናውን ይዞራል። ተቀያሪ ጎማ አለ፤ ክሪክ አለ፤ የእሳት ማጥፊያ አለ፤ የግራ ስፖኪዮ ተሰንጥቋል፤ የኋላ መከላከያው ላይ ጭረት አለ። ይፈረማል። ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ክሊራንሱ ላይ ማኅተም ይመታል። ስምንት ዓመት የነዳው መኪና ሊብሬ ላይ ስሙ አንድም ቀን ተጽፎ አያውቅም። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለው የአባቶች ቃል እውነትነቱ የሚገባው በዚያች ሰዓት ነው። እዚያው ጠረጴዛ ላይ የስፖኪዮው ዋጋ ይነሳል። ዕቃው ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ጥያቄው ማን ይክፈል የሚለው ነው። ሕጉ ያለ ሕግ ድንጋጌ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት፣ ያለ ሥራ ደንብ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል፤ ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ያዛል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ጎማ ሲፈነዳ፣ መኪናው ሲገጭ፣ ቦሎ ሳይታደስ ሲያዝ ማን ይከፍላል የሚለውም በቅጥር ውሉ ላይ ተጽፎ ማየት ብርቅ ነው።

ስለ መርካቶ ስናወራ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር መዘንጋት የለበትም። ይህ ገበያ ሰው ከምንም ተነስቶ ባለ ሱቅ የሆነበት ቦታ ነው። ከገጠር መጥቶ በተሸካሚነት የጀመረ፣ ከዚያ ሱቅ ተቀጥሮ ጨርቅ የለካ፣ በኋላ በረንዳ ላይ ትንሽ ቦታ ያገኘ፣ በመጨረሻም የራሱን መደብር የከፈተ ሰው ታሪክ ሸማ ተራም፣ ሳጥን ተራም፣ ምን አለሽ ተራም ይነገራል። የብዙዎቹን መንገድ የከፈተው ባንክ አልነበረም። እቁብ ነው። እቁብ ደግሞ የሚገባው በጥሬ ብር ነው። በየሳምንቱ የሚጥለው ብር የሌለው ሰው ዕጣ አይወጣለትም፤ ዕጣ ያልወጣለት ሰው መነሻ ካፒታል የለውም። 150 ሊትር ነዳጅ ለእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ሊቆጠር አይችልም። የተሻለ ደመወዙን በመኪና የለወጠ ወጣት የአሠሪውን ዕቃ በምቾት እያዞረ ሲሸጥ ይውላል፤ የራሱ ሱቅ ግን በየዓመቱ ይርቀዋል። አሠሪዎቹ ራሳቸው ብሩን ቋጥረው፣ በእግራቸው ተመላልሰው፣ እቁባቸውን ጥለው ነው እዚህ የደረሱት። ተቀጣሪዎቻቸው በዚያው መንገድ እንዲያልፉ ቢፈቅዱ ታላቅ ውለታ ነው።

መኪናው ራሱስ እዚህ ምን ያህል ያገለግላል? መርካቶ የተቀየሰው በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ሲነሳ ነው። መንገዶቹ ላይ ዛሬ አይሱዙው ያራግፋል፣ ተሸካሚው ይሮጣል፣ ጋሪው ይገፋል። ከአንዋር መስጊድ እስከ ራጉኤል ለመድረስ በእግር የሚፈጀውን ያህል ጊዜ መኪና ውስጥ ተቀምጠው የሚያሳልፉ አሉ። ማቆሚያ ፍለጋውን፣ የማቆሚያ ክፍያውንና ከመኪናው ተለይቶ ሲዋል የሚያስጨንቀውን ሐሳብ ሁሉ ያየ ሰው፣ ለመርካቶ ውስጥ ሥራ መኪና ጸጋም ሸክምም መሆኑን አይስተውም። ባቡሩ እንደ ልብ ባይገኝም በአውቶቡስ ተራ በኩል ያልፋል፤ የከተማ አውቶቡሶችም አሉ።

መኪና የግድ የሆነለት ሥራ እንዳለ አውቃለሁ። ናሙና ይዞ ከቃሊቲ እስከ ሱሉልታ የሚዞረው የሽያጭ ሠራተኛ ያለ መኪና ምንም ማድረግ አይችልም። ግን ያ መኪና የሥራ መሣሪያ ነው። ማታ ግቢ የሚያድር፣ እሑድ የማይወጣ፣ ለቤተሰብ ጉዳይ የማይነዳ መኪና የጥቅማ ጥቅም ስም ሊሰጠው አይገባም። ለግብርም ቢሆን እንደ ጥቅም የሚቆጠረው በሙሉም ሆነ በከፊል ለግል አገልግሎት የተሰጠ መኪና ነው። አሠሪው ራሱ ለሥራው የሚያስፈልገውን ዕቃ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ቀንሶ «ሰጠሁህ» ቢል ፍትሐዊ አይደለም።

በዚያ ላይ ያው ድርጅት ውስጥ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሱቅ ዘግተው የሚወጡ እህቶቻችን አሉ። ገንዘብ ያዥዋ፣ ሻጯ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ። ለአንዱ ኃላፊ መኪና የመደበ ድርጅት ለእነሱ ሰርቪስ አላሰበም። መንግሥት ለሠራተኞቹ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሶችን አሰማርቷል። የመርካቶ ነጋዴዎችም ተባብረው በየአቅጣጫው አንድ አንድ የማታ መኪና ቢከራዩ ወጪው ለእያንዳንዳቸው የሚከብድ አይመስለኝም። ትራንስፖርት ጥቅም ከሆነ መጀመሪያ ለሚጨልምባቸው ይሁን።

ስለዚህ ለሥራ ፈላጊው ወንድሜና እህቴ የምለው ይህን ነው። መኪና ሲቀርብላችሁ አትግደርደሩ፤ ግን ደመወዛችሁን ከመኪናው ለይታችሁ ተደራደሩ። መጀመሪያ ደመወዙ ይቆረጥ፣ ከዚያ ስለ መኪናው ይወራ። ለግል ጉዳይ መንዳት እንደሚቻል ወይም እንደማይቻል፣ ነዳጁ በሊትር ወይም በብር እንደሆነ፣ ለጉዳት ማን እንደሚጠየቅ፣ መኪናው ቢወሰድ በምትኩ ምን ያህል ብር እንደሚጨመር በውሉ ላይ ይጻፍ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ገበያው ራሱ የሚሠራው በዚሁ ነው።

ለአሠሪዎችም ልመናዬ አንድ ነው። የመኪናውን ዋጋ በብር ገልጻችሁ ለሠራተኛው አሳዩት፤ ብሩን ወይም መኪናውን ይምረጥ። ብሩን የመረጠው ሠራተኛ ነገ በእቁብ ዕጣው ሱቅ ከፍቶ ከእናንተው ዕቃ የሚረከብ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። መርካቶን ያሳደጋት ይህ ነው፤ ወደፊትም የሚያሳድጋት ይኸው ነው።