ለፖሊሱ ብር ይዋጣ ወይስ ድንጋይ ይነሣ?



ባለፈው ወር በእድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ እንዳነጋገረ በቦታው የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ጥያቄው፣ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶብን ሳለ ደግነት ላደረገልን የትራፊክ ፖሊስ ብር እናዋጣለት ወይስ አናዋጣለት የሚል ነበር። ሰዓቱ መሽቶ ነገሩ ሳይቋጭ ተበተንን። ከዚያ ወዲህ ወሬው በየቡናው እየተነሣ፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው ሲቀንስ፣ መልኩን ሊለውጥ ደርሷል። ስለዚህ እኛ የዚህ ሰሌዳ አዘጋጆች የሆነውን እንደሆነው ጽፈን አሳባችንንም ልናካፍላችሁ ወደድን።

የሆነው ይህ ነው። አሥራ አራት ሆነን ሁምቦ ጠበላ ለቅሶ ደርሰን በኪራይ ሚኒባስ ወደ ሶዶ እንመለስ ነበር። ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዝናብ እያካፋ፣ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ስኮርታውን ቢያወርደው እሱም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ፤ ክሪክም የለም። ረዳቱ እንደ አገሩ ልማድ ቅጠል ቆርጦ ከኋላ አነጠፈ፤ አራት ትልልቅ ድንጋይም አስፋልቱ ላይ ደረደረ። መኪና ሁሉ ሊይዘው የሚገባው ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክት በመኪናው ውስጥ አልነበረም።

ጥቂት ቆይቶ አንድ የትራፊክ ፖሊስ በሞተር ሳይክል ደረሰ። ገና ከሞተሩ ሳይወርድ ከእኛ አንዳንዱ እጁን ወደ ኪሱ፣ አንዳንዷም ወደ መቀነቷ ሰደደች። ልብ በሉ፣ ማንም ምንም አልጠየቀንም! ሾፌሩም «አለቀልን» ሲል ሁላችንም ሰማነው።

ፖሊሱ ግን ሞተሩን መብራቱን እንዳበራ ከኋላችን አቆመና መጀመሪያ ያለው «እናቶቼ፣ ከአስፋልቱ ውረዱ፣ ከቦዩ ወዲያ ቁሙ» ነው። ቀጥሎ ባዶውን ወደ ሶዶ የሚመለስ አይሱዙ አስቆመ። የአይሱዙው ሾፌር ደንግጦ ወረቀቱን ይዞ ሲወርድ «ወረቀትህን አስቀምጥ፣ ክሪክ አለህ?» አለው። ክሪኩን አዋሰን፤ በዕድሜ የገፉትን ሁለት እናቶችም ጋቢና አስቀምጦ ወሰደልን። ከዚያ ፖሊሱ ረዳቱን ስኮርታውን አሳቅፎ ከኋላው አፈናጠጠና በዚያ ዝናብ ሶዶ ጎሚስታ ቤት ሄደው ተመለሱ። ጎማው እስኪገጠም ባትሪ ይዞ ያበራ የነበረውም እሱ ራሱ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ለሾፌሩ ስለ መኪናው ጉድለት የቅጣት ወረቀት ጽፎ ሰጠው። ሁለተኛ፣ እኛ እዚያው ያዋጣነውን ሰባት መቶ ብር አንዲት እናት «ልጄ፣ ለሻይ ትሁንህ» ብለው ቢዘረጉለት «እናቴ፣ ይህን ለለቅሶው ቤት ይላኩት። ለእኔ ድንጋዩን አንሱልኝ» አላቸው። አራቱንም ድንጋይ እያንከባለልን ከመንገድ አወጣን። እሱም ይህን ካየ በኋላ ሄደ።

እንግዲህ በስብሰባው የተሰሙት አሳቦች ሦስት ነበሩ። በየተራ እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው «እዚያ አልቀበልም ቢልም፣ ብር አዋጥተን፣ ወይም በግ ገዝተን ጣቢያው ድረስ እንውሰድለት» የሚል ነው። ይህን ያሉት ሰዎች ከቅን ልብ እንደተናገሩ እናውቃለን። ባህላችንም እንደዚሁ ነው፤ በጎ የዋለልንን ባዶ እጃችንን አናመሰግንም። ነገር ግን እስቲ አንድ ጊዜ እናስብ። ዛሬ ለተደረገልን ደግነት በግ ብንወስድ፣ ነገ ያ ደግነት ዋጋ ወጣለት ማለት ነው። ነገ በዚያው መንገድ የምትቆመው ከቦዲቲ ገበያ ቅቤዋን ሸጣ የምትመለስ ሴት ብትሆንስ? ወይም የዕለት ገቢውን ገና ያላገኘ የባጃጅ ልጅ ቢሆንስ? እነሱ በግ የላቸውም። እኛ በከፈልነው ልክ ሌላው እየተለካ፣ የሌለው ሰው ዝናብ ላይ ይቀራል። ብር ያለው እድር ያበላሸው ነገር ብር ለሌለው መንገደኛ ይተርፋል።

በዚያ ላይ ሕጉም አለ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ተጠያቂ የሚያደርገው ጉቦ የሚቀበለውን ብቻ ሳይሆን የሚሰጠውንም ጭምር ነው። የእኛ አሳብ ጉቦ አይደለም ብንል እንኳ፣ በግ እየጎተትን ጣቢያ ስንገባ የሚያየን ሰው ልባችንን አያነብም፤ የሚያየው በጉን ነው። ብሩን አልነካም ብሎ ስሙን የጠበቀውን ልጅ በምስጋናችን ስም እናሰድበው?

ሁለተኛው አሳብ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «ደመወዝ የሚከፈለው ለዚሁ አይደለም እንዴ? ምን ምስጋና ያስፈልገዋል?» የሚል። እንዲያው ለነገሩ፣ ደመወዝተኛ ሁሉ ሥራውን በአግባቡ ሲሠራ አይተን እናውቃለን? የመንገድ ደኅንነት መጠበቅ በርግጥ ሥራው ነው። የተነፈሰ ጎማ በሞተር አስጭኖ በዝናብ ጎሚስታ ቤት መመላለስ ግን የሥራ ዝርዝር ውስጥ የሚጻፍ ነገር አይደለም። ይህን ያደረገው ሰው ስለሆነ ነው። ሰው ለሆነ ሰው ደግሞ ምስጋና ይገባዋል።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። በየትኛውም መሥሪያ ቤት ብር የማይነካ ሰው በባልደረቦቹ ዘንድ «ሞኝ» መባሉን የማያውቅ የለም። እኛ ነዋሪዎች የሚበድለንን ብቻ እየቆጠርን ደጉን በዝምታ ካለፍነው፣ ደጉ ሰው ብቻውን ይቀራል። ዛሬ ይታገሣል፣ ነገ ይታገሣል፣ ከነገ ወዲያ እሱም እጁን መዘርጋት ይለምዳል። ያን ጊዜ «ፖሊስ ሁሉ አንድ ነው» ብለን ብናማ ማን ይሰማናል?

ሦስተኛው አሳብ የሾፌሩና የወዳጆቹ ነው። «ደግ ከሆነ ለምን ቀጣው? ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ እያየ!» ይላሉ። በእኛ በኩል ከነገሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለናል። ብዙዎቻችን ደግ ፖሊስ ማለት የሚያልፍልን ፖሊስ ነው ብለን ለምደናል። ነገር ግን ለእኛ ያለፈው ጉድለት የሚያርፈው በማን ላይ ነው? በኋላችን በጨለማ በሚመጣው ሰው ላይ ነው። የዚያ መኪና ስኮርታ ነፋስ ቢኖረው ኖሮ እዚያ ባልቆምን ነበር። ምልክቱ ቢኖር ኖሮ አስፋልት ላይ ድንጋይ ባልተደረደረ ነበር። ፖሊሱ እኛን ከዝናብ አወጣን፤ የቅጣት ወረቀቱ ደግሞ ነገ በዚያ መኪና የሚሳፈሩትን ለማዳን ነው። ሁለቱም አንድ ደግነት ናቸው። ቅጣቱን ትቶ ብቻ ቢረዳን ኖሮ ውለታ ይሆን ነበር፤ ውለታ ደግሞ አንድ ቀን ይጠየቃል።

ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመን እጃችን ወደ ኪስ የሚሄደው ለምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ታሪክ አለው። በዕድሜ የገፉት ያስታውሳሉ። በደርግ ዘመን ገበሬው ኮታውን በመንግሥት በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክብ ነበር፤ ትርፉን ወደ ሌላ አውራጃ ላሻግር ያለ ደግሞ በየኬላው ይፈተሽ ነበር። የእህል ንግድ ነጻ የሆነው በ1982 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን መንገድ ላይ ቁም ያለህ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሊወስድብህ እንጂ ሊሰጥህ አይቆምም ነበር። ኬላው ተነሣ፤ ፍርሃቱ ግን ከእናት ወደ ልጅ ወረደ። ኋላም እጃቸውን የሚዘረጉ ሰዎች አላስረሱንም። ይህን ፍርሃት አንድ ደግ ፖሊስ በአንድ ምሽት አያጠፋውም። ቢሆንም ማንም ሳይጠይቀን ብር ማውጣቱን የምንተው እኛ ካልሆንን ፍርሃቱ ራሱን ይመግባል።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ። ፖሊሱ ለራሱ የጠየቀው ብቸኛው ነገር እሱ ነውና።

ሶዶ የመንገድ መገናኛ ናት። ከሻሸመኔ በቦዲቲ፣ ከሆሳዕና በአረካ፣ ከአርባ ምንጭ በሁምቦ የሚመጣው ሁሉ እዚህ ይገናኛል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ከተማችን መቀመጫው ከሆነች ወዲህ ደግሞ የሚመላለሰው ሰው በዝቷል። በእነዚህ መንገዶች ላይ መኪና ይበላሻል፤ ድንጋይ ይደረደራል። ጥፋቱ መደርደሩ ላይ ብቻ አይደለም። መኪናው ተሠርቶ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል! ሾፌሩ ቸኩሏል፣ ረዳቱ ደክሞታል፣ ተሳፋሪው ተሳፍሯል። ድንጋዩን ሌሊት የሚያገኘው መብራቱ የደከመ ባጃጅ ወይም ሞተር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላሉት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ነጂዎች ናቸው። ይህ ማለት የእኛ ልጆች ናቸው። ድንጋይ ማንሣት ደግሞ በጀት አይጠይቅም፣ ስብሰባ አይጠይቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ አሥራ ሁለት ሰው ሆነን አራቱን ድንጋይ ያነሣነው በአምስት ደቂቃ ነው።

ስለሆነም የእኛ አሳብ እንደሚከተለው ነው።

ብር አይዋጣ፣ በግም አይገዛ። በዚያ ምትክ የሆነውን ሁሉ፣ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሰን፣ ቅጣቱንም ጭምር ሳንደብቅ፣ በእድሩ ስም የምስጋና ደብዳቤ ለፖሊሱ አለቆች እንጻፍ። በወላይትኛ «ጋላታ» የምንላት አንዲት ቃል በማኅተም ስትጻፍ ከበግ የምትከብድበት ጊዜ አለ። ደብዳቤው በሠራተኛው ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል፤ በጉ ግን በአንድ ቀን ይበላል። በዚያው ልክ፣ የሚበድለን የሕግ ሰው ሲያጋጥመን ቀኑንና ቦታውን ይዘን በጽሑፍ እናመልክት እንጂ በቡና ላይ ብቻ አንማ። ደጉን በጽሑፍ ያመሰገነ ሰው በደል ደርሶብኛል ብሎ ሲጽፍ ይታመናል።

እድራችን ለለቅሶ መኪና ሲከራይ፣ ከዋጋው በፊት ስኮርታው፣ ክሪኩና ምልክቱ ይታይ። ይህን የማየቱን ሥራ ለሁለት ወጣቶች እንስጥ። መኪና ተበላሽቶ የትም ብንቆም፣ ድንጋይ ከተደረደረ ሳይነሣ ማንም አይሳፈር። ሾፌሩ ቢቸኩልም ተሳፋሪው አይቸኩል።

ጊፋታ እየደረሰ ነው። ልጆቻችን ከአዲስ አበባና ከየሥራ ቦታቸው በየመኪናው ታጭቀው ወደ ቤታቸው የሚመጡበት ወቅት ነው። እኛ ያላነሣነውን ድንጋይ የሚያገኙት እነሱ መሆናቸውን አንርሳ።

የደብዳቤው ረቂቅ ከእድሩ ጸሐፊ ዘንድ ይገኛል። ያነበበ ይፈርም፣ ማንበብ የማይችል ተነቦለት ይፈርም፣ የማይስማማም በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ አሳቡን ይናገር።