ጉልበቴን ማን ይየው?

ኮልፌ ውስጥ ጉልበት ሲያብጥ ሁሉም ሰው ሐኪም ነው። ከወጨጫ ስንወርድ ቀኝ ጉልበቴ ተጠምዞ ካበጠ ወዲህ ከአጠና ተራ እስከ 18 ማዞሪያ ያልታዘዘልኝ ነገር የለም። ሙቅ ውሃ በጨው፣ ቅቤ፣ ስሙን የማላውቀው ቅባት… በመጨረሻ ግን ሁሉም አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ «ለወጌሻ አሳዪው፣ አንዴ ቢያሽልሽ ይለቅሻል!»

መቼስ ስለ ወጌሻ ስናወራ ሁለት ጎራ ነን። ለአንዱ ወጌሻ እጁ መድኃኒት ነው፣ ለሌላው ኋላ ቀርነት። (ስፕሬይ ይዞ ወደ ኳስ ሜዳ የሚሮጠውንም ወጌሻ ነው የምንለው፤ እሱን ግን ኋላ ቀር ያለው የለም።) እኔ ወጌሻ ጋ በሚሄድ ሰው አልፈርድም። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ካርድ አውጡ አይልም፣ ከሁሉም በላይ የታመመውን ቦታ በእጁ ይነካል። እኔን ያየኝ ሐኪም ጉልበቴን አልነካውም። ራጁን ወደ መብራቱ ቀና አድርጎ «አጥንትሽ ደህና ነው» አለና ማስታገሻ ጻፈልኝ። ሁለት ደቂቃ!

ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው። ጉልበትን አስረው የያዙት ጅማቶችና በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ሜኒስከስ ራጅ ላይ አይታዩም። እነሱን የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው፤ የሠለጠነ ሐኪም እጅም ብዙ ይናገራል። «አጥንትሽ ደህና ነው» ማለት «ጉልበትሽ ደህና ነው» ማለት አይደለም። ይህን ያልነገሩት በሽተኛ በሳምንቱ እብጠቱ አልወርድ ሲለው የት ይሂድ? ወጌሻ ጋ ነዋ!

እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያበጠ ጉልበትን ማሸትና ማሞቅ እብጠቱን ያብሰዋል። የሚያስፈልገው እረፍት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶና እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት ነው። ስብራት ከሆነ የባሰ አለ፤ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እግር ደም ያጣል፣ ይሞታል፣ ይቆረጣል። የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ለዓመታት የጻፉበት ጉዳይ ነው፤ እግራቸውን ካጡት መካከል ሕጻናትም አሉ።

እናስ፣ ወጌሻውን እናባረው? ነገ ሌላ ግቢ ይከፍታል። ይህች አገር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን አንድ አንድ ዓመት አሠልጥና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አድርጋለች። የሰፈር ወጌሻን ጥቂት ቀን አስቀምጦ የትኛውን ጉልበት መንካት እንደሌለበት ማስተማር ከዚህ ይከብዳል? ትምህርቱ አጭር ነው። አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው፣ ጉልበቱን እስከ 90 ዲግሪ ማጠፍ ያልቻለ፣ የጉልበቱ ሎሚ ሲጫን የሚያመው ራጅ ይነሳ (እነዚህ የካናዳዋ ኦታዋ ሐኪሞች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ካወጡት መመሪያ ውስጥ ናቸው)። ጉልበቱ የሚቆለፍበት ወይም በመንገድ ላይ የሚከዳው ወደ አጥንት ሐኪም ይላክ። የታሰረ እግር ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ወዲያው ተፈቶ ሆስፒታል ይሂድ።

ሐኪሞቻችንም ቢሆኑ ከወጌሻው አንድ ነገር ይማሩ፤ መጠየቅን። ቁጢጥ ብለሽ ነው የምትጸዳጂው? ትሰግጃለሽ? ታክሲ ላይ እንዴት ትወጫለሽ? ብራዚላዊው ሮናልዶ እ.ኤ.አ. በ2000 የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ በ2002 የዓለም ዋንጫ 8 ጎል ያገባው በቀዶ ጥገና ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ በሠራው ረጅም የማገገሚያ ልምምድ ጭምር ነው። እኔን ባየኝ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ግን የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ የተሳለበት አንድ ወረቀት እንኳ አልነበረም።