አክስቴ በቦሌ

አክስቴ ከጎብዬ በወልድያና በደሴ አድርገው አዲስ አበባ የገቡት ዱባይ ያለች ልጃቸውን ሊያርሱ ነው። ሻንጣቸው የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ቁጥር እወዳለሁ። ቦሌ በ2011 ዓ.ም. ተስፋፍቶ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ መደረጉን፣ ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ሲጠናቀቅ ደግሞ 110 ሚሊዮን እንደሚያስተናግድ አጫወትኳቸው።

«በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔን ማን ያየኛል?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ኤርፖርት ሲሰፋ ለእኔና ለእናንተ ወረፋ ይቀንስ ይሆናል፤ ጽሑፍ ለማያነቡ እናት ግን የሚሳሳቱበት በር ይበዛል። ሕንፃውን መንግሥት ያስፋ፤ ይሄኛው የቤተሰብ ሥራ ነው።

እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ቲኬት ስንቆርጥ የዊልቸርና የአጃቢ አገልግሎት ጠየቅን። የልጃቸውን ስልክ ወረቀት ላይ ጽፈን ከፓስፖርታቸው ጋር አደረግን። ቅዳሜ ዕለት አንድ የገበያ ሕንፃ ወስደን በተንቀሳቃሽ ደረጃ ወጣን፣ ወረድን። መጀመሪያ ክንዴን ጨምድደው ያዙ፤ በሦስተኛው ሳቁ፤ በአራተኛው እጄን ለቀቁ።

በማግስቱ ማታ ከዱባይ ተደወለ። «ደርሻለሁ፤ ገንፎው ተጥዷል!»