ማሽኑ ተለወጠ፤ ታሪፉስ?

ከነፋስ መውጫ እስከ መካነ ኢየሱስ ያለው የእህል ነጋዴ ብሩን በባንክ ማስተላለፍ ለምዷል። ባንክ ዋና ኮምፒዩተሩን በተሻለ ሲለውጥ ደግሞ ወጪው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በዚሁ የሐዋላ ክፍያ ላይ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለውም። ጥያቄው ሒሳቡ በየትኛው ቁና ይሰፈር የሚለው ነው።

በውጭው ዓለም ትልልቅ ኮምፒዩተሮችን ያከራዩ የነበሩ ማዕከላት ደንበኛን የሚያስከፍሉት ማሽኑ በሠራበት ሴኮንድ ነበር። ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ ማሽን ሲተከል ያው ሥራ በግማሽ ጊዜ ያልቃል። የሴኮንዱ ዋጋ ካልተነካ የማዕከሉ ገቢ ይወድቃል፤ እጥፍ ከተደረገ ደንበኛው በዋጋ በኩል አያተርፍም። ስለዚህ አንድን ሥራ በሁለቱም ማሽኖች አሠርተው ካመዛዘኑ በኋላ ታሪፉን ያስተካክሉ ነበር። የጋይንት ነጋዴ ይህን ለመረዳት ኮምፒዩተር መማር አያሻውም፤ ቁናው ሲለወጥ የትናንቱ ዋጋ እንደማይሠራ ያውቃል።

በአገራችን የቅርቡ ምሳሌ ቴሌ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2005 ዓ.ም. ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ውል ገባ። የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን በ40 በመቶ ያወረደው ትልቁ ቅናሽ ግን የመጣው በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመት! በሐዋላም እንዲህ እንዳይዘገይ እሰጋለሁ።

ባንኮች መሣሪያው የሚገዛው በዶላር ነው ቢሉ እውነት አላቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ዘሏል። የመሣሪያው ዕዳ ይከፈል፤ ግን ለብቻው ተጽፎ፣ የሚያበቃበት ዓመት ተቆርጦ ይሁን። አለዚያ ዕዳው አልቆ ጭማሪው ይቀራል።

በእነዚህ ወረዳዎች ጉዳዩ ይብሳል። ከአርብ ገበያ ወይም ከስማዳ ወገዳ እህል ለሚሰበስብ ደላላ፣ አዲስ አበባ የተተከለ ፈጣን ማሽን የሚጠቅመው መስመሩ ሲደርሰው ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ማሽኑ ሥራ አልፈታም፤ በስልኩ ብር ያስተላልፍ የነበረው ደላላ ግን ፈታ። በየወሩ የሚቆረጥ ቁርጥ ክፍያ ለእስቴና ለስማዳ ሰው ግፍ የሚሆነው ለዚህ ነው። እንደ እኔ እምነት ክፍያው በተጠናቀቀ ሐዋላ ብቻ መታሰብ አለበት።

ባንክ አዲስ ታሪፍ ከመለጠፉ በፊትም ሁለት ቁጥር ያውጣ፦ አሮጌው ማሽን በቀን ስንት ሐዋላ ይጨርስ ነበር፣ አዲሱስ ስንት ይጨርሳል? የቀረውን ነጋዴው ራሱ ያሰላዋል።