የሐጂ መንቀጥቀጥ እና የአንድ ጠብታ ደም ነገር

ባለፈው መስከረም መተማ ዮሐንስ ላይ አንድ ተማሪያችን ትምህርት ካበቃ በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ «ኡስታዝ፣ የታመመው አንጎል ከሆነ ደም ምን አገባው?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄውን ያመጣው ከቤቱ ነበር። ዕድሜያቸውን በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ያሳለፉት አባቱ ሐጂ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እርምጃቸው አጥሯል፤ ከሱጁድ ለመነሳት ደጋፊ ይሻሉ። ሰፈሩ ጅን ነው ሲል ቆየ። (ኢብኑ ሲና እ.ኤ.አ. በ1037 ከማረፋቸው በፊት በጻፉት ቃኑን ውስጥ መንቀጥቀጥን፣ ማለትም ረዕሻን፣ ያስቀመጡት ከነርቭ በሽታዎች ጋር ነው። ጎረቤቶቻችን ይህን ቢያውቁ ምንኛ ደስ ባለን!) በኋላ ጎንደር ሄደው ሲመረመሩ በሽታው ፓርኪንሰን መሆኑ ተነገራቸው።

ታዲያ በዚያ መስከረም ሐጂ አንድ ሌሊት ክፉኛ ተንቀጠቀጡ። ቤተሰቡ «ያው የለመደባቸው ነው» ብሎ ብርድ ልብስ ደረበላቸው። እኛም በማግስቱ ልንጠይቃቸው ገብተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ዱዓ አድርገን፣ አንዳች ሳንጠረጥር ወጣን። በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ከጣታቸው የተወሰደው ደም ወባ እንዳለባቸው አሳየ። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈዋል። ልጁ የጠየቀን ከዚያ በኋላ ነው።

በመካከለኛው አንጎላችን ውስጥ ጥቁር ቀለም ያላት ትንሽ ሥፍራ አለች። በዚያ ያሉ ሕዋሳት ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያመርታሉ፤ እንቅስቃሴያችን የተሳካ እንዲሆን ከሚያደርጉት አንዱ እርሱ ነው። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለጥንቸሎች ሬዘርፒን የተባለ መድኃኒት ሰጥተው ደንዝዘው እንዲቀመጡ ካደረጉ በኋላ፣ ዶፓሚን የሚሠራበትን ሌቮዶፓ ሲወጓቸው ጥንቸሎቹ ተነስተው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ለሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ሐጂ ዛሬ የሚውጡት ክኒንም ይኸው ሌቮዶፓ ነው። ሌቮዶፓ በባቄላም ውስጥ ይገኛል፤ ይሁንና ባቄላ በልቶ ክኒን መተው አይገባም፤ እንዲያውም አንድ የኤንዛይም ጉድለት ይዘው የተወለዱ ሰዎች ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ ይችላል።

ወደ ደሙ እንምጣ። ተመራማሪዎች የአይጦችን የዶፓሚን ሕዋሳት በመርዝ አጥፍተው ደማቸውን ሲመረምሩ፣ በአንዳንዶቹ ጥናቶች የነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር ቀንሶ፣ ሊምፎሳይት የተባሉትም የመራባት አቅማቸው ደክሞ ተገኝቷል። ምናልባት ደሙን የጎዳው ራሱ መርዙ ቢሆንስ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ስለዚህም ከደም ወደ አንጎል የማያልፍ መርዝ መርጠው በቀጥታ አንጎል ውስጥ ይወጋሉ፤ ደሙ በሌላ መንገድ እንዳይነካ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ የሊምፎሳይቶቹ ድካም ታይቷል። ከአንጎል ተነስተው ወደ ጣፊያና ወደ አጥንት መቅኔ የሚደርሱ ነርቮች አሉ፤ ሊምፎሳይቶችም በገላቸው ላይ የዶፓሚን መቀበያ አላቸው። መልእክቱ የሚመላለስ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የአይጥ ጥናት ደግሞ ሊምፎሳይቶች ወደ አንጎል ገብተው የዶፓሚን ሕዋሳትን በመግደሉ ሥራ እንደሚካፈሉ አሳይቷል።

አይጥ ሰው አይደለም። በፓርኪንሰን ሕሙማንም ላይ የሊምፎሳይት ቁጥር በአማካይ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ነገር ግን ይህ ሐጂን ለወባ ዳረጋቸው ልንል አንችልም፤ ለወባ የዳረገቻቸው ትንኝ ናት። ለተማሪያችን የነገርነው ይህንኑ ነው፦ አንጎልና ደም ይነጋገራሉ፤ ስለዚህ «አንጎሉን ነው የታመመው» ብለን ደሙን ሳናስመረምር አንተው። በተለይ በእኛ ቆላ፣ ወባ ቀዩን የደም ሕዋስ በሚያፈርስበት፣ ካላዛር ጣፊያና መቅኔ ውስጥ ገብቶ ቀዩንም ነጩንም በሚያመናምንበት አገር።

የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ይጀምራል፤ እጅ ሲያርፍ ይብሳል፤ ዕቃ ሲያነሱበት ይቀንሳል፤ እንቅልፍ ሲወስድ ይጠፋል፤ ትኩሳት የለውም። የወባው መላ ሰውነትን ያንዘፈዝፋል፤ ብርዱን ትኩሳትና ላብ ይከተለዋል። ይሁን እንጂ ማንኛውም ኢንፌክሽን የፓርኪንሰኑን መንቀጥቀጥ ራሱን ሊያባብሰው ስለሚችል፣ በድንገት የባሰበት ሽማግሌ ሁሉ ትኩሳት ባይታይበትም ይታይ። ወባ ሲያስታውክ ደግሞ ሜቶክሎፕራማይድ፣ በተለምዶ ፕላሲል የሚባለው፣ ይሰጣል፤ ይህ የዶፓሚንን ሥራ የሚያግድ ነውና አስቀድሞ «አባታችን ፓርኪንሰን አለባቸው» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። የዘወትር ክኒናቸውም በትኩሳቱ ሰበብ በድንገት አይቋረጥ።

ሐጂ አሁን ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰግዳሉ። ልጃቸውም ቴርሞሜትር ገዝቶ፣ መንቀጥቀጡ በተለወጠ ቁጥር «አባባ፣ እጅዎን ያንሱልኝ» እያለ ብብታቸው ሥር ያስገባል። እርሳቸውም «ዛሬም መጣህብኝ?» እያሉ ያነሳሉ።